ሽማግሌ ያስቆመ ማጉያ

ነይማ ታየች፣ ጠጋ በይ። እዚህ አጠገቤ፣ መስኮቱ ጋ። ጫማሽን በር ላይ አራገፍሽው? በረዶው ሲቀልጥ እኮ ከሰው ጋር የሚገባው የመንገዱ ጠጠር ነው። ክረምቱን ሙሉ እንዳንወድቅ የበተኑልን ጠጠር፣ ይኸው መጋቢት ሊያልቅ ሲል በየሰዉ ጫማ ተሰክቶ ደረጃ ይወጣል። መሠረት ትናንት ከኮሪደሩ አንድ እፍኝ ጠርጋ ልትጥል ስትል «ተይው» አልኳት። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? ጋኑ ጠጠሩን ያውቀው እንደሆነ ግን… እሱን የነገረን የለም።

ቀኑም ረዘመ፣ ደስ ይላል። ሻይሽን ጠጪ። ከዚያች የኖርዌጂያኖቹ ቡናማ አይብ ቁረጪና ዳቦሽ ላይ አድርጊ፤ እኔ ስንት ዓመት በላኋት፣ እስካሁን አይብ ትሁን ከረሜላ አለየልኝም።

በሩን አትዝጊው! ገርበብ ይበል። ሙቀቱ ይዙር ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ? ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው በጨርቅ የሆነ ነገር እየወለወለ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይሰማም። ሥራ ላይ ባይሆንም… ተይው።

ስም አላነሳም። ስም ማንሳት ሐሜት ነው፣ ሐሜት ደግሞ ኃጢአት ነው፤ መጋቢው ባለፈው እሑድ ነግረውናል። እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ ብቻ። አንድ… ትልቅ ሰው። ማን ናቸው አትበይኝ። እናታቸውን ግን አውቃታለሁ፣ በየማለዳው መስታወት ውስጥ አያታለሁ። ደህና ሴት ናት፤ ጥርሷ ነው እንጂ ያነሰው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ምን ጎደላቸው? ምንም። ቢየርቪካ፣ ወደቡ ዳር ያለውን ነጩን የኦፔራ ቤት ታውቂው የለ፣ ከተከፈተ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሱ ጀርባ ያሉትን የመስታወት ቢሮዎች የሚያጸዱ ሃያ ሰዎች አሉ፣ የሃያዎቹ አለቃ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ሃያ ሰው ይሰማል። ሃያ ሰው ሲናገር ደግሞ እሳቸው… ይናገራሉ። መታደል አይደለም?

ሚስት አላቸው፣ መሠረት የምትባል። ሃያ አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አንድም ቀን ተጨቃጭቀው አያውቁም፤ ለጭቅጭቅ እኮ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ልጅም አለቻቸው፣ አንዲት፣ አይዳ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች፣ አሁን ባርነሃገ፣ ሕፃናት ማቆያው ውስጥ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። እሷ ደግሞ ከሦስት ዓመት ወዲህ ልቧ ውስጥ የያዘችው ልጅ አለ። ኖኤል ይባላል፣ የግሮሩድ ሰፈር ልጅ። የሱን ስም ላንሳ፣ ክፉ ስለማልናገርበት ችግር የለውም።

ኖኤልን ታውቂው የለ? እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ተቀምጦ የማይክራፎኑን ሰሌዳ የሚነካካው። በአዘቦት ቀን የአዛውንቶች መኖሪያ ቤት ይሠራል፤ ሽማግሌ ያጥባል፣ ያበላል። ድምፁ ቀስ ያለ ነው። ሲያናግርሽ ወደሱ ጠጋ ትያለሽ፣ ጠጋ ብለሽ ደግሞ የተጎዳሽው ነገር የለም። እኚህ ሰው ግን አልወደዱትም። «ወንድ ልጅ ሲናገር መሰማት አለበት» ይላሉ። ደግሞ አንድ ቀን ስልክ ደውሎ «አንተ ነህ? አይዳ አለች?» አላቸው። አንተ! እዚህ አገር ሚኒስትሩንም አንተ ነው የሚሉት፣ ልጁ ከየት ያምጣው? እሳቸው ግን ያቺን «አንተ» ይኸው እስከ ዛሬ ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋት ይዞራሉ።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ።

ጥቅምት ላይ ነው። እኚህ ሰው አንድ ከባድ ነገር ታቅፈው ገቡ። አይዳ የተወለደች ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያቅፉ አላየኋቸውም። የድምፅ ማጉያ ነው። ግን የዛሬው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ አምፖል ያለው ነው፣ አምፖሎቹ አናቱ ላይ ቆመዋል። ሲያበሩት ቀስ እያሉ ይቀላሉ፣ ብርቱካን ይመስላሉ። ያምራል፣ ውሸት አልናገርም። «ስምንት ዋት ነው» አሉን፣ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው። «ስምንት ብቻ! ግን ንጹሕ። ድምፅ በብዛቱ አይደለም፣ በጥራቱ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚወደው ጩኸት ነው፤ ያልጮኸ ሁሉ ባዶ ይመስለዋል።»

ሰማሽልኝ? እንዴት ያለ ንግግር ነው! እናታቸው ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ «ይህን ያህል የገባው ሰው አንድ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ ቤቱ ቢመጣ እንዴት ደስ ይለው!» ብላ አሰበች። የእናት ነገር፣ ታውቂ የለ።

ሳጥኖቹን ደግሞ ራሳቸው መረጡ። እነሱ ስፒከር ይሉታል፣ እኔ ሳጥን ነው የምለው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ ልጅ፣ «እነዚህ ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ ትንሽ ማጉያ ጋር አይሄዱም» ብሏቸው ነበር አሉ። ሻጭ ምን ያውቃል? ከሶፋው ጋር ይሄዳሉ!

አገናኟቸው። አምፖሎቹ ቀሉ። ቤተሰቡ ተሰልፎ ተቀመጠ። እኚህ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኛም ጨፈንን። እናም…

እናም…

ታየች፣ ያን ያህል ጸጥታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? መዝሙሩ አለ፣ የለም አልልም። ሦስት ቤት አልፎ ያለ ሰው በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ የሚዘምር ይመስላል። መክፈቻውን እስከ ጥግ ጠመዘዙት። ከሱ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው ፍሪጁ ነበር። «ፍሪጁን አጥፉት!» አሉ። ጠፋ። ዓሣው ቀለጠ። መዝሙሩ ያው።

መሠረት ቀስ ብላ «ትንሽ አነሰ መሰለኝ» አለች። «አንቺ መስማት አትችይበትም» አሏት። አይዳ «ፓፓ፣ ምንም አይሰማም» አለች። «የናንተን ትውልድ ጆሮውን ጩኸት አበላሽቶታል» አሏት። ታችኛው ፎቅ ያሉት ኖርዌጂያኗ ሴትዮ ደረጃ ላይ አግኝተዋቸው፣ «ዘንድሮ ቤታችሁ እንዴት ጸጥ ብሏል!» ብለው አመሰገኗቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እነሱ እንኳ ጥራቱ ገባቸው!» ላም አለኝ በሰማይ ይባል ነበር ድሮ። ዘንድሮ ላሟ ሳሎን ገባች፤ ወተቷን ግን ያው፣ ባለቤቱ ነው ብቻውን የሚጠጣው።

እንዲህ እያለ ጥር ገባ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አቶ አበጋዝን ፊት አድርገው፣ ክራባታቸውን አስረው፣ ውጭው ብርድ ሲያንገበግባቸው። ለምን እንደመጡ አንቺም እኔም እናውቃለን። ሦስት ሽማግሌ በጥር ክራባት አስሮ ሴት ልጅ ያለበት ቤት የሚመጣው ለምንድነው? ድመትም ታውቀዋለች። መሠረት አውቃ ጓዳ ገባች፣ አይዳ አውቃ መኝታ ቤት ገብታ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

አንድ ሰው ብቻ አላወቀም።

እኚህ ሰው ከጥቅምት ጀምረው የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሁሉ «ኑ፣ ማጉያዬን ስሙ» ሲሉ ነበር። ማንም አልመጣም ነበር። አሁን ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲመጣ… ምን ያስቡ?

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አወለቁ፣ በካልሲ ሳሎኑ መሐል ቆሙ። «ተቀመጡ» ተባሉ። አቶ አበጋዝ እንደ ወጉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የኛ ሰው ፊታቸው በራ! ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? «ልክ ብለዋል! ቆሞ መስማት ይሻላል!»

ሳቂ፣ ሳቂ… እኔ ያኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አንድ ካሴት አለ፣ የድሮ። በዚያ በክፉው ዘመን፣ ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ፣ በየሰው ቤት ተደብቀው ሲዘምሩ የቀዱት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ቀበሌ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቴፑን ይዘው የቀዱት እሳቸው ናቸው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነው። ለሽማግሌዎቹ ያጫወቱት እሱን ነበር። አስቢው፣ በሹክሹክታ የተዘመረ መዝሙር በዚያ በሚያንሾካሹክ ማጉያ! ሦስቱ ሽማግሌ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። አቶ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ የመጣንበት…» ሲሉ፣ «ሽሽ! ይችን ቦታ ስሟት» ይባላሉ። ትንሽ ቆይተው «ልጃችን ኖኤል…» ሲሉ፣ «አሁን! አሁን ሴቶቹ ይገባሉ!» አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ታየች። በካልሲ።

አቶ አበጋዝ ከሰባ ያለፉ ሰው ናቸው፣ ያኔ ጆሯቸውም ደክሞ ነበር። በመጨረሻ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ምንም አልሰማንም። እኛንም የሰማን የለም» አሉ።

ከሁለቱ ዓረፍተ ነገር የኛ ሰው የሰሙት አንዱን ነው። ገምቺ የትኛውን።

ተቆጡ። ቀይ ሆኑ፣ እንደ አምፖሎቹ። ያኔ ሌላኛው ሽማግሌ ፈጠን ብሎ፣ ለእርቅ ብሎ፣ «የመጣነው ለሙዚቃው አይደለም፣ አይዳን ለኖኤል ልንጠይቅ ነው» አለ። ምነው ዝም ባለ! «ጆሮ ለሌለው ቤት ልጄን አልድርም!» ብለው በሩን ከፈቱላቸው። እሳቸው ናቸው ይህን ያሉት። ጆሮ ለሌለው ቤት… ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ የድሮ ሰዎች። አንዳንዱ ባዳ ግን በዓመት አንዴም ቢሆን ይጠይቃል።

እንግዲህ ልጂቱን አስቢያት። ከበሩ ጀርባ ሆና የሰማችው ይህን ነው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ ሲያናግራት «ያ» እና «ናይ» ብቻ፣ አዎና አይ በኖርዌጂያኖቹ አፍ። ሌሎቹን ቃላት ለሌላ ሰው አስቀመጠቻቸው። «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም፣ ከኖኤልም ሌላ አላገባም» ብላ ለአያቷ ነገረቻት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ከወጣ አትመልሰውም፤ በዚያ በኩል ቁርጥ አባቷን ናት። እናታቸውም… ያቺ የማውቃት ሴት፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሁለት ግንብ ባንድ ቤት ሲቆም፣ መሐል ያለችው አሮጊት ወዴት ትሂድ?

ኖኤል ሲነገረው ምን አለ መሰለሽ? ሌላ ወጣት ቢሆን ይሳደባል። እሱ፣ «ማጉያው ስንት ዋት ነው?» አለ። «ሳጥኖቹስ ምን ዓይነት ናቸው?» አይዳ ፎቶ አንስታ አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአዘቦት ቀን፣ አባትየው ሥራ ላይ እያሉ በሩ ተንኳኳ። እናታቸው ከፈተች። ኖኤል ከአንድ ጓደኛው ጋር ቆሟል፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መሐላቸው ቁም ሣጥን የሚያህል እንጨት። ግሮሩድ ያለው አሮጌ የጸሎት ቤት ሊታደስ ዕቃው ሲወጣ፣ ለስብከት ይጠቀሙባቸው የነበሩ ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ሊጣሉ ነበር። አፋቸው እንደ ጥሩምባ የሰፋ፣ እኔ ካገባሁ ጊዜ ጀምሮ የነበሩ። ጠባቂውን ለምኖ አመጣቸው። አሳንሰሩ አልችል ስላላቸው አራት ፎቅ በደረጃ ተሸከሟቸው። ሁለቱን!

«እማማ፣ ላስገባው?» አላት በዚያች ድምፁ።

«ምንድነው እሱ?» አለችው።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሽቦውን እየፈታ አስረዳት። አማርኛው ይሰባበራል፣ ነገሩ ግን ገባት። «እማማ፣ አንዳንድ ሳጥን በአንድ ዋት ይዘምራል። አንዳንዱ እንደዚያ እንዲዘምር መቶ ዋት ይፈልጋል። ማጉያው ጥሩ ነው። ጥቁሮቹ ሳጥኖችም ጥሩ ናቸው። አብረው ግን አይሆኑም። ትንሽ ጉልበት ላለው ማጉያ ቶሎ የሚሰማ ሳጥን ነው የሚሆነው።» ማንንም አልወቀሰም። ማጉያው ጥሩ ነው፣ ሳጥኖቹ ጥሩ ናቸው፣ በቃ።

እሷ ግን አሮጊት ናት፣ አሳቧ ሄደባት። አቻ ለአቻ ማለት ይኸው አይደል? በሹክሹክታ የሚነቃ አለ፣ መቶ ጉልበት ካልነዱበት የማይነቃነቅም አለ። ሁለተኛውን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም ታየች! ያምራል እኮ። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ከሶፋው ጋር ይሄዳል…

ውይ፣ ሳሎን ውስጥ ያ ጨርቅ ቆመ እንዴ? የለም፣ የለም፣ እየወለወለ ነው። እኔ የማወራሽ ስለ ሳጥን ነው።

ኖኤል ከማጉያው ጀርባ ያለውን ቁጥር አየ፣ የሳጥኑንም ቁጥር አየ። ሽቦውን ከስምንት ቁጥር ነቀለና አሥራ ስድስት ቁጥር ላይ አሰረው። «እነዚህ አሮጌዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚስማማቸው» አለ። ከዚያ እስከ ጥግ ተጠምዝዞ የነበረውን መክፈቻ ወደ ዜሮ መለሰው። ሰውየው እንደ ልማዳቸው ቢከፍቱት ቤቱ ይፈርስ ነበር! እንዳይደነግጡ ብሎም አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ አምፖሎቹ ሥር አስቀመጠላቸው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አይዳ ናት ያነበበችው። «ቀስ ብለህ ክፈተው» ይላል። ፊደሉ ያነክሳል አሉ። አሁንም በ«አንተ»!

ማታ እሳቸው ገቡ። ሳሎኑን ሲያዩ ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ። ወረቀቱን አነሱ፣ አነበቡ። «ማነው አንተ የሚለኝ?» እናታቸው ክር ትቋጭ ነበር። መሠረት ሰሐን ታጥብ ነበር።

አበሩት። አምፖሎቹ ቀሉ። ያንኑ ካሴት አደረጉ። መክፈቻውን አንዲት ጣት ታህል ነኩት…

ታየች፣ ሰዎቹ ገቡ። አላጋንንም። ብርድ ልብስ የጋረዱት ልጆች፣ ቀበሌን የፈሩት ልጆች፣ ሁሉም እዚህ ሊንደበርግ አራተኛ ፎቅ ገብተው ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል። አንዱ ሲያስነጥስ፣ ሌላው «እሽ» ሲለው ይሰማል። ከሁሉም ኋላ አንዲት ሴት አለች፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ግን እንደ መርፌ ክሩን ሁሉ ይዛ የምትሄድ። እኚህ ሰው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዞር ብለው፣ «ይህቺ ከኋላ ያለችው ማናት? ይህን ሁሉ ዓመት አልሰማኋትም! ማናት?» አሉ።

መሠረት የሰሐን ጨርቅ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። «እኔ ነኛ» አለች።

ተመልሳ ሰሐኗን ማጠብ ጀመረች።

ቆይ ሻይ ልጨምርልሽ… ቀዘቀዘብሽ።

ይኸውልሽ፣ አንዳንድ ባል ሚስቱን ለመስማት ሃያ አምስት ዓመትና ሁለት ትልልቅ ሳጥን ይፈጅበታል። አንዳንዱ እኮ በዚያም አይሰማ! እኚህ ሰው ግን ሰሙ፣ ይመስገን ነው። ያን ማታ ምግብ አልበሉም። ሦስት ጊዜ መልሰው አጫወቱት። በሦስተኛው ፍሪጁም አልጠፋም፣ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም።

ከዚያ «አይዳ፣ ያንን ልጅ ጥሪው» አሉ ብለሽ ትጠብቂ ይሆናል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ቶሎ ተስፋ ታደርጊያለሽ። በማግስቱ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ያወሩት ሌላ ነው። «ከመጀመሪያውም ዕቅዴ ይህ ነበር፤ የድሮ ሳጥን እያፈላለግሁ ነበር» አሉ። ወረቀቱስ ሲባሉ? «ቫክትሜስተሩ ይሆናል የጻፈው።» አዎ። የሕንፃችን ጠባቂ፣ ያ ኖርዌጂያኑ የሰሜን ሰው፣ ጢሙ ቀይ የሆነው፣ ሲመቸው አማርኛ ይጽፋል! ምን ይገርማል? ዘመኑ የመማር ነው።

ኖኤል ይህን ሰማ። እሑድ ከኋላ ተቀምጦ፣ እሳቸው ምስክርነት ሊሰጡ ሲወጡ ማይክራፎኑን አስተካከለላቸው። ድምፃቸው እንዲያምር። በቃ፣ ያደረገው ይህን ብቻ ነው።

እናታቸው ግን አንድ ነገር አይታለች። ያቺ ወረቀት አልተጣለችም። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ታጥፋ ተቀምጣለች። የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነች እሷ ማንበብ አትችልም። የሚያነበው ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ምን አደረገች መሰለሽ፣ ይህች አሮጊት? ስልክ አስደውላ አቶ አበጋዝን፣ «እንደገና ይምጡ። ሽማግሌ አንዴ ተመልሶ አይቀርም» አለቻቸው። እሳቸውም አላቅማሙም። ዛሬ አሥር ሰዓት ነው የሚመጡት። ስንት ሆነ? ሩብ ጉዳይ? አዬ ጊዜ።

እስከዚያ የሰዉን ሁሉ ነገር ልጨርስልሽ። አቶ አበጋዝ፣ እኚያ ጆሮ የላቸውም የተባሉት፣ የጆሮ መስሚያ ተሰጣቸው፤ አሁን ወፍ ስትቆጣ ይሰማሉ። ስለዚህ ጆሮ ከሌላቸው ሰዎች ዝርዝር ወጥተዋል። ዝርዝሩ ላይ ማን እንደቀረ አልቆጠርኩም። ጥቁሮቹ ሳጥኖች ምድር ቤት ቦዱ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከበረዶ መንሸራተቻው ጎን ቆመዋል፤ አሁንም ያምራሉ። እዚያ የሚያሳፍራቸው የለም። ታችኛዋ ሴትዮ ባለፈው ሳምንት ወጥተው አንኳኩ፤ ሊከሱን ነው ብለን ስንደነግጥ፣ «ያቺ ከኋላ የምትዘምረው ማናት?» ብለው ጠየቁ። እሳቸው እንኳ በወለሉ በኩል ሰሟት! መሠረት ከፋሲካ ጀምሮ መዘምራን ልትገባ ነው፤ «ዕድሜሽ ሄዷል» ያላት የለም፣ አንድ ሰው ሊላት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አይዳ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት፣ ከጠዋት ጀምራ አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ተኩሳዋለች። ኖኤል ደግሞ ወጉ ስለማይፈቅድ አይመጣም፤ ግን በመስኮቱ ተመልከቺ፣ እዚያ የቲባኔው ባቡር ጣቢያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ባለ ሰማያዊ ኮፍያ… አዎ። አንድ ሰዓት ሆነው። ጠጠር በእግሩ እየገፋ።

እና እኚህ ሰው? እሳቸው ዛሬ ከጠዋት ጀምረው ማጉያ እየወለወሉ ነው። ምን እንደሚመልሱ ለማንም አልተናገሩም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ካሴቱን ሊያጫውቱላቸው ይሆናል… ይችላሉ፣ ቤታቸው ነው። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ለመቆሚያ ይበቃል። ሦስቱም ካልሲ አድርገው ይመጣሉ፣ ወፍራም ወፍራም፤ እኔ ነኝ ያስጠነቀቅኋቸው።

ዝም በይ እስቲ… ሰማሽ?

ጠፋ። ያ ቀጭኑ እዝ… እዝ… የሚለው፣ አምፖሎቹ ሲሞቁ የሚሰማው። አጠፉት! ከጥቅምት ወዲህ እንግዳ ሊመጣ ሲል ማጉያው ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሩ ተደወለ። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ አንቺ አትነሺ። ማነው የሚሄደው? እግር ይሰማኛል… የመሠረት አይደለም፣ ከባድ ነው። ራሳቸው! ክራባት አስረዋል እንዴ? በዚያ ቀዳዳ እዪልኝ… ሰማያዊዋን? አይይ፣ የሠርጋቸው ናት።

ጸጥ። ገቡ። አቶ አበጋዝ ናቸው፣ ምርኩዛቸው ይሰማል። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። አሁን… አሁን… ምን አሉ? ስሚልኝ ታየች፣ እኔ በጣም ነው ልቤ የሚመታው…

«እናንተ ተቀመጡ፤ ዛሬ እኔ ነኝ ቆሜ የምሰማው።»

እንደዚያ አሉ? እንደዚያ ነው ያሉት? ቀስ ብለው ነው የተናገሩት እኮ፣ ግን አንዷም ቃል አልጠፋችም።

ያውልሽ አይዳ መተኮሻውን ሳታጠፋ ወጣች፣ ሂጂ ንቀዪላት። ለዚያ ምስኪንም መስኮቱን ከፍተሽ እጅሽን አውለብልቢለት፣ ብርድ ገደለው። ተመልሰሽ ደግሞ ከእኔ ጋር አሜን በይ።

ጌታ ልጄን ዕድሜ ይስጠው። ቤቱን የሣቅ፣ የመዝሙር ያድርገው። የአይዳን ልጅ ለማቀፍ ያብቃው፣ እንዳቀፈው ማጉያ አጥብቆ። ሕፃኑም «አያቴ» ብሎ ሲጠራው፣ በመጀመሪያው ጥሪ፣ በዚያችው ቀን፣ በገዛ ጆሮው ይስማው… ያ ምስኪን አማቹ ሌላ ሳጥን ተሸክሞ አራት ፎቅ እስኪወጣ ሳይጠብቅ።

አሜን በይ እንጂ። ጮክ በይ ልጄ… በሩ ክፍት ነው።